ለሽንኩርት ንግድ፦ ትንሿ የኤሌክትሪክ ጭነት መኪና ወይስ ትልቋ የቤት መኪና?

«አያ፣ የቱን ልግዛ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው በዚህ ወር ብቻ አራተኛው ነው። ሦስቱ ለሽንኩርትና ለዓሣ ንግድ፣ አንዱ ለሠርጉ ብሎ ነው። የሠርጉን አላውቅም። ለነጋዴዎቹ ግን መልሴ አንድ ነው፤ ትንሿን የጭነት መኪና ግዙ። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ ገንዘብ ስለከፈልሁ ዘርዘር አድርጌ ልናገር።

ባሕር ዳር ላይ በቅርቡ የተጠራልኝ ዋጋ ይህ ነው፦ 41.86 ኪሎዋት ሰዓት (የመብራት ቆጣሪ የሚቆጥርበት መለኪያ ነው) የሚይዝ ባትሪ ያላት የጭነት ቫን 2,700,000 ብር፤ 84.8 ኪሎዋት ሰዓት ያላት ትልቅ የቤት መኪና 4,700,000 ብር። ሻጩ ስልኩን አውጥቶ ዋጋውን ለባትሪው አካፈለው። ቫኗ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 64,500 ብር ገደማ፣ ትልቋ 55,400 ብር ገደማ። «ታዲያ የቷ ረከሰች?» አለኝ። እንዲህ ከሆነ ትልቋ ናት። ነገር ግን የሁለት ሚሊዮን ብሩ ልዩነት የሚገዛልኝ የማልሄድበትን መንገድ ነው።

የምሄደው ወረታ ነው። ደርሶ መልስ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቫኗ ባዶዋን ስትሄድ በመቶ ኪሎ ሜትር 18፣ አሥር ኩንታል ሽንኩርት ጭና ስትመለስ 25 ኪሎዋት ሰዓት ትበላለች። ድምሩ ወደ 26 ይሆናል፤ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው ሲጨመር ቆጣሪው 29 ያህል ይቆጥራል። አንዱን በስድስት ብር ብናሰላው 174 ብር ነው። በመቶ ኪሎ ሜትር አሥር ሊትር የምትጠጣ የቤንዚን መኪና ግን በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ በነበረው የ101 ብር ከ47 ሳንቲም ዋጋ 1,217 ብር ታስወጣ ነበር፤ ያውም ሰልፉ ሳይቆጠር። ትልቋ የቤት መኪና በዚያው መንገድ በመቶ ኪሎ ሜትር 18 ገደማ ስለምትበላ ቆጣቢ ትመስላለች። የምትይዘው ግን ቢበዛ ሦስት ኩንታል ነው፤ አሥሩን ለማምጣት አራት ጊዜ መመላለስ አለባት። ወንበሯ ሽንኩርት ሽንኩርት መሽተቱን ተዉት።

ትልቋ የምታሸንፈው አዲስ አበባ ድረስ ለሚነዳ ሰው ነው። አንድ ቶን ክብደት ሽቅብ አንድ ሺህ ሜትር ለማውጣት 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ጭነቷን ጨምሮ 2.6 ቶን የምትመዝነው ቫን ከዓባይ በረሃ ድልድይ ጎሐ ጽዮን ድረስ 1,400 ሜትር ያህል ስትወጣ ለዳገቱ ብቻ አሥር ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም የባትሪዋን ሩብ ያህል ትጨርሳለች። ቁልቁለቱ የሚመልሰው ከዚያ ያነሰ ነው። ለዚያ ጉዞ ቫኗን አልመክርም።

አሁን ወደ ቁስሌ ልምጣ። የመጀመሪያዋን ያገለገለች ገዛሁ። ዳሽቦርዱ 34 በመቶ እያሳየ ሐሙሲት መግቢያ ላይ ቀጥ አለች። አይሱዙ ጎትቶ አመጣኝ፤ ከሽንኩርቱም ከፊሉ ተበላሸ። የባትሪ ሴሎች፣ ማለትም ተያይዘው ባትሪውን የሚሠሩት ትንንሽ ክፍሎች፣ እንደ ጥማድ በሬ ናቸው፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ቢበረታም እርሻው ይቆማል። ሻጩ ለአዲስ ባትሪ 1,100,000 ብር ጠየቀኝ። አንድ ጠጋኝ ደግሞ ከሌላ መኪና የተነቀሉ ሴሎች በ240,000 ብር ገጠመልኝ። ዕድሜያቸው የተለያየ ሴሎች አብረው ስለማይሞሉና አብረው ስለማያልቁ ሦስት ወር አልቆዩም።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አድርጉ። መኪናዋን እስከ አሥር በመቶ ነድታችሁ ቻርጅ ላይ ሰኩና የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ፤ መቶ ስትሞላ ደግሞ እዩት። ጤነኛዋ ቫን 42 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ትጠጣለች። በ30 ከጠገበች ባትሪዋ ከሩብ በላይ ሞቷል፤ ሻጩ በስልክ የሚያሳየውን «96 በመቶ ጤነኛ» አትመኑ። የባትሪውንም ዓይነት ጠይቁ። ኤልኤፍፒ የሚባለው (ሊቲየም ከብረትና ከፎስፌት ጋር ያለበት) ከኤንኤምሲ (ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ካለበት) ይከብዳል፤ ነገር ግን መቶ ድረስ መሙላትን ይችላል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። የእኔዋም ኤልኤፍፒ ነበረች፤ የገደላት የቀድሞ አያያዟ ይመስለኛል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከከለከለ ወዲህ ሻጩ በዝቷል። ሙሉ በሙሉ ተገጣጥማ የገባች የኤሌክትሪክ መኪና 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመች 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ እንዲጣልባት፣ ተበታትና የመጣች ነፃ እንድትሆን ነው የተወሰነው። «እዚሁ የተገጣጠመች ናት» ካሏችሁ የቀረጡ ቅናሽ ዋጋው ላይ የት እንዳለ ጠይቁ። እኔ ስጠይቅ ሻይ ነው የታዘዘልኝ።

የቻርጀር ገመድ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ላዩ ላይ 32 አምፔር (የሚሸከመው የኤሌክትሪክ መጠን) ተጽፎበት ውስጡ እንደ ራዲዮ ሽቦ የቀጠነ ገመድ ገዝቼ ሶኬቴ ቀልጧል። በእጃችሁ መዝኑት፤ ከቀለለ መልሱት። ከተራ ሶኬት በአሥር አምፔር ቫኗን ለመሙላት ሃያ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ለሠላሳ ሁለት አምፔር የሚሆን ወፍራም መስመር ካዘረጋችሁ በሰባት ሰዓት ትሞላለች። የመስመሩን ወጪ ከመኪናው ዋጋ ጋር ደምሩት፤ ሻጩ አይነግራችሁም።

ያ የሞተ ባትሪ አልተጣለም። ደኅና ደኅናዎቹን ሴሎች ለይቼ አሳስሬ መብራት ሲጠፋ የሱቄን አምፖሎች ያበሩልኛል። ባሕር ዳር ውስጥ እንደ እኔ ውድ አምፖል የሚያበራ ያለ አይመስለኝም።