የፊውቸርስ ገጽና ቦትፋዘር፦ ከድሬዳዋ ሆኖ ሲመዘኑ

ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር ቁጭ ያለ ወጣት ገቢ ፈልጎ ስልኩን ቢከፍት ሁለቱንም ያገኛቸዋል። አንዱ የክሪፕቶ መገበያያው የፊውቸርስ ገጽ፣ ማለትም ዋጋ ይወጣል ወይም ይወርዳል ተብሎ የሚወራረዱበት ነው፤ ሌላው ቴሌግራም ላይ ቦት፣ ማለትም ለመልእክት በራሱ የሚመልስ ፕሮግራም፣ የሚፈጠርበት ቦትፋዘር። "በስልክ ብቻ ይሠራል" የሚባለው ለሁለቱም ነው፤ ለመጀመሪያው እውነት ነው፤ ለቦቱ ግን ያረጀም ቢሆን አንድ ላፕቶፕ ቢኖር ሥራው ይቀላል።

ፊውቸርሱ እንደ ሶፍትዌር አይነቀፍም። ፈጣን ነው፣ ትዕዛዝ ወዲያው ይገባል። ጉዱ ሒሳቡ ላይ ነው። 10 ዩኤስዲቲ (ከዶላር ጋር እኩል እንዲሆን የተሠራ የክሪፕቶ ገንዘብ) አስይዞ በ20 እጥፍ ሌቨሬጅ (በብድር አቅም) የገባ ሰው የ200 ዩኤስዲቲ ፖዚሽን፣ ማለትም ክፍት ውርርድ፣ ይይዛል። በትልልቆቹ መድረኮች የቴከር ክፍያ (ወዲያው ለሚፈጸም ትዕዛዝ የሚቆረጠው) 0.05 በመቶ አካባቢ ሲሆን የሚታሰበው በ200ው ላይ ነው። ሲገባ 0.10 ዩኤስዲቲ፣ ሲወጣ 0.10 ዩኤስዲቲ፦ ዋጋው ንቅንቅ ሳይል ካስያዘው ላይ 2 በመቶ ሄደ። በቀን አምስት ጊዜ ገብቶ ለወጣ የገንዘቡ አሥር በመቶ ማለት ነው። ፖዚሽኑን ላሳደረ ደግሞ ብዙ ጊዜ በየ8 ሰዓቱ ፈንዲንግ፣ ማለትም በሚጨምር ባዮችና በሚወርድ ባዮች መካከል የሚከፋፈል ክፍያ፣ አለ።

ዋጋው 5 በመቶ በተቃራኒው ከሄደ 10ሩ አለቀ። እንዲያውም ሜንቴናንስ ማርጂን (ፖዚሽኑ እንዳይዘጋ መቅረት ያለበት ዝቅተኛ ማስያዣ) ስላለ 5 ሳይሞላ ይዘጋበታል። ቢትኮይን በአንድ ቀን ይህን ያህል ሲወዛወዝ ብርቅ አይደለም። "ክሮስ" የሚለው ምርጫ ላይ ሆኖ የገባ ሰው ደግሞ የሚያጣው 10ሩን ብቻ ሳይሆን ፊውቸርስ ዋሌቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሊሆን ይችላል፤ ቢያንስ "አይሶሌትድ" (ያስያዘው ብቻ የሚነካበት ምርጫ) ላይ መሆኑን አይቶ ይግባ። ስቶፕ ሎስ (ኪሳራው የተወሰነ ዋጋ ላይ ሲደርስ በራሱ የሚዘጋ ትዕዛዝ) የሚቀመጠው በመድረኩ ሰርቨር ላይ ስለሆነ እዚህ መብራት ቢሄድም ይሠራል። "ዓይኔን አልነቅልም፣ በእጄ እዘጋለሁ" ያለው ግን ኔትወርክ ሲቆራረጥ ምን ሊያደርግ ነው? አቦ፣ በዚህ ላይ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አሳውቋል፤ በፒቱፒ (ሰው ለሰው በሚደረግ የክሪፕቶ ግዢና ሽያጭ) የተጭበረበረ ሰው ሄጄ እከሳለሁ ለማለት እንኳ ይቸገራል።

በ2016 ኖትኮይንና ሃምስተር ኮምባት የተባሉት የቴሌግራም ጨዋታዎች ሲመጡ ከተማው ሁሉ ስክሪን ሲነካ ከረመ። እነዚያ ጨዋታዎች ራሳቸው የተሠሩት በዚሁ የቴሌግራም ቦት መድረክ ላይ ነው።

ወደ ቦትፋዘር እንምጣ። ቦት መፍጠር ነፃ ነው፤ ኒውቦት የሚለውን ትዕዛዝ ልኮ፣ ስም ሰጥቶ ቶክኑን መቀበል ብቻ ነው። ቶክኑ የቦቱ ምስጢራዊ ቁልፍ ስለሆነ ግሩፕ ውስጥ ወይም ጊትሀብ (ኮድ የሚጋራበት ድረ ገጽ) ላይ ከወጣ ወዲያው ሪቮክ ተብሎ (ተሽሮ) በአዲስ መተካት አለበት። ሳቢያን ሰፈር ላለ ምግብ ቤት ትዕዛዝ የሚቀበል ቦት ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በመጠኑ ለሚያውቅ ሰው ከባድ ሥራ አይደለም። የሚያስቸግሩት አማርኛው፣ ሰዓቱና ክፍያው ናቸው።

ከአማርኛው ልጀምር። እያንዳንዱ በተን (ደንበኛው የሚጫነው አዝራር) ከጀርባው የሚሸከመው መረጃ ከ64 ባይት (የመረጃ መጠን መለኪያ) መብለጥ የለበትም። የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የእኛ ፊደል 3 ይይዛል፤ ስለዚህ 21 ፊደል ላይ ያበቃል። የምግቡን ሙሉ ስም እዚያ የከተተ ሰው "ሳምቡሳ" ሲሠራለት ይቆይና ረዘም ያለው ምግብ ላይ ሲደርስ ቦቱ ስህተት ይመልስበታል። መፍትሔው በተኑ ላይ የሚታየውን በአማርኛ ጽፎ ከጀርባ ቁጥር ብቻ፣ ለምሳሌ 17፣ ማስቀመጥ ነው። በስላሽ የሚጀምሩ ትዕዛዞችም አማርኛ አይቀበሉም፤ ለደንበኛው ኪቦርድ በተን መስጠት ይሻላል።

ቦቱ የሚሠራበት ሰርቨር ሰዓት ብዙውን ጊዜ ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ነው። ወደ ሀገር ቤት አቆጣጠር ለማምጣት 3 መቀነስ ነው፦ 06:00 የሚለው የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ይህን የዘነጋ ቦት ምሳ ሰዓት ላይ "ዘግተናል" ይላል።

የቤት ቁጥር ነግሮ ቤት ማግኘት በማይቻልበት ሰፈር ሎኬሽን የሚጠይቀው በተን ለባጃጁ ሹፌር ትልቅ እፎይታ ነው፤ የሚሠራው ግን ከቦቱ ጋር በግል በሚደረግ ቻት እንጂ ግሩፕ ውስጥ አይደለም። ለቴሌብር ክፍያ ስክሪንሾት አይታመን፤ ፎርጅዱ በቀላሉ ይሠራል። ቦቱ የግብይት ቁጥሩን ይቀበል፣ ባለቤቱ የራሱ ስልክ ላይ ገንዘቡ መግባቱን አይቶ ያጽድቅ።

ከክሪፕቶው መውጣት ለማይፈልግ ሰው ሴፖሊያ የተባለው የኢቴሪየም መለማመጃ ኔትወርክ አለ፤ ሪሚክስ የተባለው የኮድ መጻፊያ ገጽ ላይ በብሮውዘር ኮንትራት (በኔትወርኩ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም) ጽፎ በነፃ የመለማመጃ ሳንቲም መሞከር ይቻላል። እዚያ የሚያደናቅፈው ዴሲማል (ከነጥብ በኋላ የሚመጣው የአሃዝ ብዛት) ነው፦ ኢተር 18፣ ዩኤስዲቲ በኢቴሪየም ላይ 6። አንዱን በሌላው የተካ ኮድ የገንዘቡን መጠን በትሪሊዮን እጥፍ ያዛባል።

ነጥብ ስጥ ከተባልኩ ቦትፋዘር ከ5 አራት፤ አንዱን የቀነስኩት በአማርኛው ጣጣ ነው። ፊውቸርሱ አንድ ያገኛል፣ እሱም ለፍጥነቱ።

የውጭ ሰርቨር ለመከራየት የዶላር ካርድ የሌለው ሰው ቦቱን በፖሊንግ (ቦቱ ራሱ ቴሌግራምን "አዲስ መልእክት አለ?" እያለ በሚጠይቅበት መንገድ) ከቤት ላፕቶፕ ላይ ማስኬድ ይችላል። መብራት ሲሄድ የገቡ መልእክቶችን ቴሌግራም እስከ 24 ሰዓት ያቆያቸዋል። ግን ከኢንተርኔት ተቀድቶ የመጣ ኮድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ድሮፕ ፔንዲንግ አፕዴትስ (የቆዩትን መልእክቶች ጣል) የሚል መስመር ትሩ (አዎ) ተደርጎ ይገኛል፤ እሱ የተጠራቀመውን ትዕዛዝ ሁሉ ጠርጎ ነው የሚነሣው። ለባለቤቱ ከማስረከብ በፊት ላፕቶፑን አጥፍቶ፣ ከሌላ ስልክ ሦስት ትዕዛዝ ልኮ መልሶ ማብራት ነው። ሦስቱም በተራ ካልመጡ ያንን መስመር ፈልጎ ማጥፋት።