ለቤተሰብ መኪና ሂች ሲገዙ፦ ክላስ 1፣ 2 ወይስ 3?

አሜሪካ ውስጥ ሂች (ተሳቢ ለመጎተት ከመኪናው ኋላ የሚታሰር ብረት) ለመግዛት የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ብረቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ነው። ወሳኙ ግን የመኪናው ማንዋል ውስጥ ያለው ነው። ከ2021 ሞዴል ጀምሮ ያለው ሃይብሪድ ቶዮታ ሲየና የሚጎትተው 1,500 ፓውንድ ነው፤ የ2021 ሃይላንደር በቤንዚን ሞተር እስከ 5,000፣ በሃይብሪድ 3,500። ሲየናው ላይ ክላስ 3 ቢታሰርለትም ያው 1,500 ነው፤ ፍሬኑም ሞተሩም አልተለወጠም። ከመኪናው፣ ከሂቹ፣ ተሳቢው ከሚያያዝበት ኳስና ኳሱ ከሚቀመጥበት ብረት ትንሹን ቁጥር ይያዙ።

ክላስ 1 እስከ 2,000፣ ክላስ 2 እስከ 3,500 ፓውንድ ይችላሉ፤ የሁለቱም አፍ (የኳሱ ብረት የሚገባበት ቀዳዳ) አብዛኛውን ጊዜ 1¼ ኢንች ነው። ክላስ 3 ባለ 2 ኢንች ሲሆን እንደ አምራቹ እስከ 8,000 ይደርሳል። ለመኪናዎ የተሠራ ካለ ክላስ 3ን እንመርጣለን፤ የብስክሌት መስቀያውም ሌላውም ዕቃ ለ2 ኢንች በብዛት ይገኛል። ለትንሽ ሴዳን ክላስ 1 ይበቃል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ተሳቢው ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶውን ኳሱ ላይ ይጥላል፤ ይህም እንደ ተሳፋሪ ይቆጠራል። በሾፌሩ በር ፍሬም ላይ የተለጠፈው ወረቀት የሰውና የዕቃ ጭነት ከ1,200 ፓውንድ አይለፍ ካለና ሰባት ሰው በአማካይ 150 ከመዘነ የሚተርፈው 150 ብቻ ነው። የ2,000 ፓውንድ ተሳቢ ግን ቢያንስ 200 ይጥላል። ይህን ለማቅለል ዕቃውን ወደ ኋላ መግፋት አደገኛ ነው፤ ኋላው የከበደ ተሳቢ ፍጥነት ሲጨምር ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ከጭነቱ 60 በመቶው ከተሳቢው አክሰል (የጎማዎቹ ዘንግ) ፊት ይሁን፤ የተረፈው ሰው በሌላ መኪና ይሂድ።

መኪናውን ከተሳቢው መብራት ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ላይ አራት ፒን ያለው ሶኬት የኋላ መብራት፣ ግራና ቀኝ ፍሬቻ ከፍሬን መብራት ጋር፣ እና ነጌቲቭ ይይዛል። ፍሬን ለሌለው ቀላል ተሳቢ ያ ይበቃል። ኤሌክትሪክ ፍሬን ካለው ግን ሰባት ፒንና ሾፌሩ አጠገብ የሚገጠም ብሬክ ኮንትሮለር (የተሳቢውን ፍሬን የሚያዝ መሣሪያ) ያስፈልጋል፤ በብዙ ስቴቶች ከ3,000 ፓውንድ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል። ርካሹ ኮንትሮለር ፔዳሉን ቀስ አድርገው ቢነኩትም አጥብቀው ቢረግጡትም አስቀድሞ በተሞላለት ኃይል ይይዛል። ፕሮፖርሽናል የሚባለው የመኪናውን አያያዝ ተከትሎ ስለሚይዝ ልጆች ለጫነ መኪና እሱን ይግዙ።

ኳሱ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ስህተቱ ግን ከባድ ነው። 1⅞ ኢንች ኳስ ለ2 ኢንች በተሠራ ከፕለር (ኳሱን የሚይዘው የተሳቢው ጫፍ) ውስጥ ይገባል፣ ማንሻውም ይቆለፋል፣ ሁሉም ደህና ይመስላል፤ ጉብታ ላይ ሲነሳ ይወጣል። ልኩ ኳሱ አናት ላይ ተቀርጿል፤ ከፕለሩ ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩ። ሰንሰለቶቹን ከሥር አጣምረው ይሰሩ፤ ተሳቢው ቢለቅ አንገቱ አስፋልት ሳይነካ እነሱ ላይ ያርፋል። ከቆለፉ በኋላ የተሳቢውን ክሪክ ጥቂት ዙር ከፍ ያድርጉ፦ የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሳ ይዟል፤ ከፕለሩ ብቻውን ከተነሳ ፈትተው እንደገና ይጀምሩ።