ከጅማ ለገና ምን ልያዝ? በርጩማ፣ ቡና፣ ማር እና የተቀረው

ታኅሣሥ ሲገባ ስልኬ ዕረፍት የለውም። ለሥራ ጅማ የከረመው፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው፣ ለሠርግ ብቅ ብሎ ሊመለስ የተዘጋጀው፣ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው። «ለገና ወደ ቤት ልገባ ነው፤ የጅማ ነገር ምን ይዤ ልሂድ?» ለእያንዳንዱ በድምፅ መልእክት መመለስ ሰልችቶኛል። ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህን ጽሑፍ እልካለሁ።

መልሴን ቀድሜ ልናገር። ብራችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ፣ ከአንድ ግንድ የተጠረበ የዋንዛ በርጩማ ግዙ። ቡናውም ማሩም ግሩም ነው፤ ግን አዲስ አበባም ሞልቷል፣ በዓሉ ሳያልፍም ያልቃል። በርጩማው ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ትክክለኛው ከሆነ ማለቴ ነው። ችግሩም እዚያ ላይ ነው፤ አሁን አሁን መንገድ ዳር ከሚደረደረው ብዙው መልኩ ብቻ ነው የጅማ በርጩማ።

በርጩማው

ጅማ እንጨት መሥራት የጀመረችው ዛሬ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅሬን ላይ ያሠሩትን ቤተ መንግሥት ያየ ሰው ይህን አይጠይቅም። ከመግዛታችሁ በፊት የጅማ ሙዚየም ጎራ በሉና የድሮዎቹን የእንጨት ዕቃዎች ተመልከቱ። ዓይናችሁ ይገራል። ከዚያ ወጥታችሁ መንገድ ዳር ያለውን ስታዩ ልዩነቱ ራሱ ይናገራል።

እውነተኛው በርጩማ እንዲህ ነው። ጠራቢው አንድ ቁርጥ ግንድ ይይዛል። ከላይ ጎድጎድ ያለ መቀመጫ፣ ከሥር ሦስት እግር አድርጎ ይፈለፍለዋል። ሚስማር የለ፣ ኮላ የለ። ሦስት እግር ስላለው ወለሉ ቢያዘነብል፣ ሣሩ ቢጎዘጎዝ አይወላገድም። ከግንዱ አብዛኛው ፍቅፋቂ ሆኖ መሬት ላይ ይቀራል። የምትከፍሉት ለዚያም ጭምር ነው።

ማስመሰያው ደግሞ መቀመጫው ለብቻ፣ እግሮቹ ለብቻ ተሠርተው በኮላ የተለጠፉ ነው። እንጨቱ ባሕር ዛፍ ወይም ግራቪሊያ ይሆናል። ላዩን ዋንዛ እንዲመስል ቀለም ያስነኩታል። ምን ዓይነት ቀለም? እሱን እህቴን ጠይቋት። ባለፈው ዓመት ለገና ሁለት በርጩማ መንገድ ዳር ገዛች። አንዱን በ700 ብር። ርካሽ ነው ብላ ደወለችልኝ፤ ድምጿ ሎተሪ የደረሰው ሰው ድምፅ ነበር። የገና ዕለት አክስታችን ነጭ የሀገር ልብሷን ለብሳ ቡና ልታፈላ ቁጭ አለች። ስትነሣ ከኋላዋ ቡናማ ክብ ታትሞባታል። የጫማ ቀለም ነበር።

ታሪኩ እዚህ አላበቃም። ለፋሲካ የአንዱ በርጩማ እግር ወለቀ። ሰፈር ያለ አናጺ 200 ብር ተቀብሎ በኮላና በሰጋቱራ ሞላው። ብዙም ሳይቆይ ሌላኛው እግር ተከተለ፤ ሌላ 200 ብር። እንግዲህ ደምሩት። 700 የነበረው 1,100 ገባ፣ ያውም አሁንም የተለጠፈ ዕቃ ነው። ልብሱን አልቆጠርኩም። በዚያ ላይ ትንሽ ቢጨመርበት ደህናው ይገዛ ነበር። አናጺውም አልዋሸም። «ይሄ እንጨት ኮላ አይዝም፤ ነገም ትመጪያለሽ» ብሏት ነበር።

ስለዚህ በርጩማ ስትገዙ መጀመሪያ ገልብጡት። ላዩን ብቻ የሚያይ ገዢን ሻጭ ይወዳል። እግሩ ከመቀመጫው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ፈልጉና የእንጨቱን መስመር በጣታችሁ ተከተሉ። መስመሩ ከመቀመጫው ወደ እግሩ ሳይቋረጥ ከወረደ አንድ ግንድ ነው። መስመሩ ድንገት ቆሞ በሌላ አቅጣጫ ከጀመረ ተለጥፏል። ዙሪያውን ቀለበት የመሰለ ጠቆር ያለ ጭረት ካያችሁም ያው ነው። ከዚያ ሶፍት በውኃ አርጥቡና ሆዱን ፈተግ አድርጉት። ሶፍቱ ቡናማ ከሆነ አመስግናችሁ ሂዱ።

ሁለተኛው ጣጣ ርጥብ እንጨት ነው። ይህ እውነተኛውንም በርጩማ ያበላሻል። ትናንት የተቆረጠ ዋንዛ ዛሬ ይጠረብና ነገ ይሸጣል። ጅማ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ችግሩ አይታይም። የታኅሣሥ ደረቅ አየር ያለበት አገር ሲገባ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠርዙ ይሰነጠቃል። የምትለዩት በክብደቱ ነው። ሁለት እኩል በርጩማ በሁለት እጃችሁ አንሡ። አንዱ ያለ ምክንያት ከከበደና ሆዱን ስትነኩት ቀዝቀዝ ካለ ውኃው አልወጣለትም። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ከሥር ብትኖር አትጨነቁ፤ የማር ሰም አቅልጣችሁ ብትሞሉባት ትዘጋለች። ከጠርዝ ተነሥቶ ወደ መሃል የሚጓዝ ስንጥቅ ግን መጠገኛ የለውም። አለው የሚል ሰውም ብራችሁን ፈልጎ ነው። ጥቃቅን ቀዳዳና ዱቄት ካያችሁ ነቀዝ ገብቶበታል። ነጭ ጋዝ ቀቡት የሚል ይመጣል፤ እኔ ትቼው ነው የምሄደው። ሰው ቤት ነቀዝ በስጦታ አይወሰድም።

ዋጋ እንነጋገር። ሰሞኑን በጠየቅሁት የልጅ መቀመጫ የምታክለው 900 ብር አካባቢ ናት። መካከለኛው፣ ቡና ለሚያፈላ ሰው የሚሆነው፣ 1,800። ሰፊውና ጌጥ የተቀረጸበት 3,000 ይደርሳል። መነሻው ዋጋ ግን ይህ አይደለም። አንድ ሽማግሌ ጠራቢን «አባባ፣ ይሄኛው ስንት ነው?» አልኳቸው። «2,500» አሉ ቀና ሳይሉ። ገልብጬ እግሩን ማየት ስጀምር ቀና አሉና «ለአንተ 2,200» አሉ። ገና ምንም አላልኩም። ሶፍቱን ሳወጣ ሳቁ። «ምነው ልጄ፣ የእኔ ሥራ አይለቅም» ብለው በ1,800 ሰጡኝ። አለመልቀቁንም አረጋግጫለሁ። አዲስ አበባ የቱሪስት ዕቃ ቤት ይኸው መካከለኛው እጥፉን ነው የሚጠራው።

ዋንዛ ለምን ተወደደ ለሚል፣ እንጨቱ እንደልብ አይገኝም። የ1986ቱ የደን አዋጅ ከመንግሥትና ከክልል ደን ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ገበያ የሚወጣው ዋንዛ መምጣት ያለበት ከገበሬ ይዞታ ነው፤ ጅማ አካባቢ ደግሞ ገበሬው ለቡናው ጥላ ብሎ ዋንዛ ያቆያል። ስለዚህ ጠራቢውን እንጨቱ ከየት እንደመጣ ጠይቁት። ደህና ጠራቢ ከማን ማሳ እንደቆረጠ ያውቃል፤ ሲያወራም ደስ ይለዋል።

ቡናው

ቡና ይዞ መግባት የማያሳፍር ስጦታ ነው። አያቶቼ ጅማ ሄዶ ያለ ቡና የመጣን ሰው በር ላይ ነበር የሚያስቆሙት። ግን ሒሳቡን ሠርታችሁ ግዙ።

ጥሬው ኪሎ 800 ብር ነው እንበል። ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያጣል። አንድ ኪሎ ጥሬ ተቆልቶ 820 ግራም ቢወጣው፣ የተቆላው ኪሎ 975 ብር ገደማ መጣ ማለት ነው፤ ከሰልና ጉልበት ሳይጨመር። በሚያምር ከረጢት የታሸገው ሩብ ኪሎ ደግሞ 350 ብር ነው የተባልኩት። ኪሎው 1,400 ማለት ነው። ልዩነቱ ለከረጢቱ ነው። ስጦታ ስለሆነ ከረጢቱ ያስፈልጋል የሚል ካለ አልከራከርም፤ እኔ ግን ጥሬውን ገዝቼ በነጭ ጨርቅ ቋጥሬ ነው የምሰጠው። እናቶች ጥሬ ቡና ሲያዩ ፊታቸው ይበራል፤ ቶሎም አይበላሽም።

የተፈጨ ግን አትግዙ። ከምን ጋር እንደተፈጨ የሚያውቀው የፈጨው ሰው ብቻ ነው። ገብስ የጠጣ ሰው ያውቃል።

«ሊሙ ነው» የሚለውንም ቃል በደንብ ስሙት። ሊሙ የታወቀ የቡና አገር ነው፤ ስሙ ስለሚሸጥ የማና ወረዳም፣ የጎማ ወረዳም ቡና ሊሙ ይባላል። የሊሙ የታጠበ ቡና ዋና መንገዱ ወደ ውጭ ነው። ገበያ ላይ በኬሻ የምታገኙት ብዙውን ጊዜ ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ የደረቀው፣ ጀንፈሉ (የደረቀው ፍሬ) ተፈልፍሎ ነው። መጥፎ ነው አላልኩም፤ ለእኔ አፍ እንዲያውም ከታጠበው ይልቅ ይጣፍጣል። በሊሙ ዋጋ አትግዙት ነው የምለው። ሌላው «የዘንድሮ ነው» የሚለው ነው። ለቀማው እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል፣ ማድረቁም ሳምንታት ይወስዳል። ለገና የሚሸጥላችሁ ያለፈው ዓመት ሊሆን ይችላል። ፍሬው ነጣ ብሎ ሽታው ጆንያ ጆንያ ካለ ቆይቷል። ብዙ ኪሎ መጫን ያሰበ ሰው ደግሞ ኬላ እንዳለ አይርሳ። ለስጦታ ሁለት ሦስት ኪሎ ይበቃል።

ማሩ

ማር ላይ ገንዘብ የሚጠፋው በኪሎና በሊትር መካከል ነው። አንዱ «900 ብር» ይላችኋል፣ ሌላው «700 ብር»። ሰባት መቶው የረከሰ ይመስላል። ጠይቁ፤ ዘጠኝ መቶው በሊትር፣ ሰባት መቶው በኪሎ ሊሆን ይችላል። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የሊትሩ ወደ ኪሎ ሲመለስ 643 ብር አካባቢ ነው። «ውድ» ያላችሁት ረከሰ።

ከጌራ ወረዳ በኩል የሚመጣው፣ ገተማ ከሚባለው ዛፍ አበባ የሚሠራው ነጭ ማር ነው የእኔ ምርጫ። ስኳር የተቀላቀለበትን በክብሪት፣ በውኃ፣ በወረቀት እንለያለን የሚሉ ሰዎች አሉ። አትመኑ፤ አንዱም በእርግጠኝነት አይለይም። ረግቷል ብላችሁም አትሽሹ፣ ንጹሕ ማርም ይረጋል። የሚያዋጣው ከሚያውቁት ሰው መግዛት ነው። የማታውቁት ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ያ ሰው የላችሁም። ማርን ሁለተኛ ሳይሆን ሦስተኛ ያደረግሁት ለዚህ ነው። ደግሞም ይፈሳል። አውቶቡስ ላይ ክዳኑ የላላ የማር ጀሪካን ከልብስ ጋር ያሰረ ሰው ገናን ልብስ ሲያጥብ ነው የሚያሳልፈው።

የተቀረው

የሸክላ ጀበና ርካሽ ነው፤ 250 ብር ቢሉም ይቀንሳሉ። በጣት ቆርቆር ስታደርጉት ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ ድምፁ ከታፈነ ተሰንጥቋል። ግን ሰው ቤት ሲደርስ ተሟሽቶ ነው ሥራ የሚጀምረው፣ መንገድ ላይም ይሰበራል። ተሸክማችሁ ስትጨነቁ ከመዋል ይቅር።

ረከቦት የጅማ ነው ተብሎ ሲሸጥ ጠርዙን እዩ። ብዙው ቺፑድ ነው። ስኒ የታጠበበት ውኃ ሁለቴ ከፈሰሰበት ያብጣል፤ ያበጠ ቺፑድ አይጠገንም። የእንጨት ከሆነ ጥሩ ነው፣ ዋጋው ግን የበርጩማውን ያህል ይሆናል። ያን ያህል ካወጣችሁ በርጩማውን ግዙ።

ኮረሪማን ግን አትናቁ። በክር የተሰካው 100 ብር አካባቢ ነው፣ ቦርሳ ኪስ ውስጥ ይገባል። አንዱን ሰብራችሁ ውስጡን እዩ፤ ፍሬው ጠቆር ብሎ እጅ ላይ የሚጣበቅና የሚሸት ይሁን። ቅርፊቱ ባዶ ሆኖ ከተንኳኳ አሮጌ ነው። ለገና ዶሮ ለምትሠራ እናት ከዚህ ረክሶ ከዚህ በላይ ደስ የሚያሰኝ ስጦታ አላውቅም። ብር ላጠረው ተማሪ መልሴ ይኸው ነው፤ ኮረሪማና ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡና፣ ሁለቱ በአንድ ላይ ከ500 ብር አይዘልም።

መቼ እና የት

እዚያው ጅማ ከተማ ያለው የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ስሙ የታወቀ ነው፤ ሐሙስን ያማከለ ገዢ ምርጫ አያጣም። በርጩማ ግን ከተደረደረበት ሱቅ ይልቅ ከሚጠረብበት ቦታ ግዙ። ፍቅፋቂ መሬቱ ላይ ካለ፣ መጥረቢያውና መሮው ከታየ ትክክለኛው ቦታ ናችሁ። ከገና በፊት ባለው የመጨረሻ ሳምንት ዋጋው ይጨምራል፣ የደረቀውም ያልቅና ርጥቡ ይቀራል። የሚቻል ከሆነ ኅዳር ላይ እዘዙና ቀብድ ስጡ። ሙሉ ብር ቀድማችሁ አትክፈሉ፤ ሩቡ ይበቃል።

አውቶቡስ የምትሳፈሩ ከሆነ በርጩማውን ጣሪያ ላይ አታስጭኑ። እስከ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ፀሐይ ሲመታው መዋሉ ለአዲስ እንጨት ደግ አይደለም። ረዳቱ «ውስጥ ቦታ የለም፣ 100 ብር የጭነት» ይላችኋል። ገልብጣችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉት፣ በሦስቱ እግሮች መካከል ቡናውንና ኮረሪማውን ክተቱበት። ረዳቱ ያጉረመርማል እንጂ አያስወርዳችሁም።