«ትንሽ ዘይት ብቻ ነው የሚፈልገው» ለሚላችሁ ሻጭ ቀብድ እንዳትሰጡ

ወገኖች፣ ያገለገለ የጠረጴዛ መጋዝ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ መጀመሪያ ይህን አንብቡ። እኔ 55 ሺህ ብር ቆጥሬ ሰጥቻለሁ። የገንዘቡ ነገር ያንገበግበኛል። የበለጠ እንቅልፍ የነሳኝ ግን የታናሽ ወንድሜ እጅ ለጥቂት መትረፉ ነው።

እዚሁ አዲስ አበባ አልጋና ቁም ሳጥን የምንሠራባት ትንሽ ቤት ከፍተናል። አዲስ ማሽን ለመግዛት አቅም አልነበረንም። ደላላ አንድ ሰው ጋ ወሰደን። ማሽኑ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። የጠረጴዛው ፊት በግራሶ ወዝቷል። «የድሮ ብረት ነው፣ የዛሬው ቆርቆሮ እንዳይመስልህ» አለኝ ሻጩ። እናስነሳውና እንየው ስል መብራት የለም ተባለ። ዲስኩን፣ ማለትም እንጨቱን የሚቆርጠውን ክብ ጥርሳም ብረት፣ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን መዘወሪያ ልሞክር ብል ንቅንቅ አልል አለ። «ቆሞ ስለከረመ ነው፣ ትንሽ ዘይት ብቻ ነው የሚፈልገው» አለ። አመንኩት።

መዘወሪያው ቢደርቅም ዲስኩ ወደ ላይ ወጥቶ ስለቆመ፣ በማግስቱ መብራት ሲኖር አንድ ጣውላ እንሰንጥቅ አልን። ማሽኑ ገና ሲነሳ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኩሽኔታው፣ ዲስኩ የሚሽከረከርበት ዘንግ የተቀመጠበት፣ ያለቅሳል። ወንድሜ ጣውላውን ግማሽ ድረስ እንዳስገባ እንጨቱ ድንገት ተስፈንጥሮ ተመለሰ። በጎኑ አልፎ ግድግዳውን መታው። የግራ እጁ ከዲስኩ የራቀው አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም ነበር።

ነቅለን ዝም አልን። ከዚያ መፍታት ጀመርን።

ቀለሙን በካቻቢቴ ስፍቀው ከሥሩ ስቱኮ ወጣ። ስቱኮውን ሳነሳው ብረቱ ተበልቶ ጎድጉዷል። ይህን ልብ በሉ። ላይ ላዩን ያለ ቀይ ዝገት አያስፈራም፤ በነጭ ጋዝና በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። ብረቱን የቆፈረ ዝገት ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ብረት ተመልሶ አይመጣም። ሐቀኛ ሻጭ ዝገቱን ያሳያችኋል እንጂ ስቱኮ አይሞላበትም። ስለዚህ አሮጌ ማሽን ላይ አዲስ ቀለም ስታዩ ከመደሰት ይልቅ ጠርጥሩ።

የደረቀውን መዘወሪያ ለማላቀቅ አራት ቀን ፈጀብን። የመጀመሪያው ስህተት የኛ ነበር። ቧንቧ ጨምረን በጉልበት ስንገፋው የመዘወሪያውን ማርሽ ሁለት ጥርስ ሰበርን፣ ከዚያ ቶርኖ ቤት ሄድን። ማድረግ የነበረብን እንዲህ ነው። መጀመሪያ በውስጡ የተጠቀጠቀውን ሰጋቱራ ጠርጎ ማውጣት። ከዚያ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ረጭቶ ማሳደር፣ ጠዋት እንደገና መርጨት። በመዶሻ በቀጥታ ሳይሆን እንጨት ደግፎ ቀስ እያሉ መምታት። ሲላቀቅ ደግሞ በአንድ አቅጣጫ አለመግፋት፤ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ። እሳት የሚያቀርቡም አሉ። ሰጋቱራና ዘይት ባለበት ቦታ ይህን በፍጹም አታድርጉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሻጩ የመዘወሪያውን ማርሽ ጥርሶች ሁሉ በግራሶ ሞልቷቸው ነበር። አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር፣ የተንከባከበው መስሎኝ። ግራሶ ሰጋቱራ ይሰበስባል፣ ሁለቱ ሲቦኩ እንደ ጭቃ ይደርቃሉ። እዚያ ቦታ የሚሻለው ጥርሱን አጽድቶ ሻማ ማሸት ነው።

አሁን ወደ ዲስኩ ልምጣ፤ ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው።

ዲስኩን የያዘው ዳዶ ማዕዘኑ ተልጦ ክብ ሊሆን ደርሷል። ከዚህ በፊት የያዘው ሰው በተሳሳተ አቅጣጫ ሲታገለው እንደኖረ ያስታውቃል። በብዙ ማሽኖች ላይ ይህ ዳዶ ውስጡ ያለው ጠመዝማዛ ጥርስ ግልባጭ ነው፤ በለመድነው አቅጣጫ ስናዞረው ይብስ ይጠብቃል። ለማወቅ ቀላል ነው። ዳዶው የሚፈታው ዲስኩ በሚሽከረከርበት አቅጣጫ ሲዞር ነው። ሥራ ላይ እያለ እንዳይላላ ተብሎ እንዲህ ተሠራ።

በስንት መከራ ፈታነው። ዲስኩን ስናወጣ ሻፍቱ፣ ማለትም ዲስኩ የሚሰካበት ዘንግ፣ ላይ ደርቦ ደርቦ የተጠመጠመ የቆርቆሮ ቁራጭ አገኘን። የጣሳ ቆርቆሮ! በካሊፐር፣ ውፍረት በሚለካው መሣሪያ፣ ስንለካ ሻፍቱ 25.4 ሚሊ ሜትር ነው፣ ማለትም አንድ ኢንች። የዲስኩ ቀዳዳ ደግሞ 30። ልዩነቱን በቆርቆሮ ሞልተው ነው የሸጡልን። ዲስኩ መሃሉን ስቶ ይዞር ነበር፤ ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ ከዚያ ነው።

250 ሚሊ ሜትር ዲስክ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር ጥርሱ በሰዓት 188 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ያንን ነው በጣሳ ቆርቆሮ ያሰሩት። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው በሰው ላይ እንዴት ያደርጋል? እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ቀዳዳው ካልገጠመ መፍትሔው ለልኩ የተሠራ የብረት ማጥበቢያ ቀለበት ነው፣ ወይም ትክክለኛ ቀዳዳ ያለው ዲስክ መግዛት። ቀዳዳውን በእጅ ድሪል አታስፉ፣ መሃሉን ይስታል። ዲስኩ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ዙርም አንብቡ፤ ከማሽኑ ዙር ማነስ የለበትም። ስትገጥሙት ጥርሶቹ ከላይ ወደ እናንተ የሚመጡ መሆን አለባቸው።

ጣውላው ለምን ተስፈነጠረ? ከዲስኩ ኋላ መቆም ያለበት ቀጭን ብረት አልነበረም። የተሰነጠቀ እንጨት መልሶ ሲገጥም ከኋላ ዲስኩን ይቆነጥጠዋል። በዚያ በኩል ጥርሱ ወደ ላይ ስለሚነሳ እንጨቱን አንስቶ ወደ ሠራተኛው ይወረውረዋል። ያ ብረት ስንጥቁ እንዳይዘጋ ያደርጋል። ውፍረቱ ከዲስኩ ገላ የበለጠ፣ ከጥርሱ ስፋት ያነሰ መሆን አለበት። የኛ አዲሱ ዲስክ ጥርሱ 2.8፣ ገላው 1.8 ስለሆነ 2.3 ሚሊ ሜትር አሠራን። ሻጩን ስለዚያ ብረት ስጠይቀው «ማንም አይጠቀምበትም፣ እሱን አውልቄ ጥዬዋለሁ» ነው ያለኝ።

ለመግዛት ስትሄዱ ካሊፐርና የዳዶ ቁልፍ ይዛችሁ ሂዱ። መብራት ከሌለ ሌላ ቀን ተመለሱ። ማሽኑ ተነቅሎ ዲስኩን ይዛችሁ ወዝውዙት፤ ከተነቃነቀ ኩሽኔታው አልቋል። መዘወሪያውን ከታች እስከ ላይ አዙሩት፣ ዲስኩን እስከ 45 ዲግሪ አዘንብሉት። ከዚያ ዳዶውን ራሳችሁ ፍቱ፣ ሻፍቱን ለኩ። ሻጩ «አትፍታው» ካላችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ቶርኖው፣ ኩሽኔታው፣ ዲስኩና ዳዶው ተደምሮ ሌላ 23 ሺህ ብር ወጣብን። ደላላው ስልክ አያነሳም። ሻጩ «አይተህ አይደል የገዛኸው?» ብሎ ዘጋው። ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ የሚሸጥ ማሽን ፎቶ ላከልኝ፣ ልግዛው ወይ ብሎ። ቀለሙ ያው አረንጓዴ ነው። ከኋላ የሚታየውም ግቢ እኔ 55 ሺህ ብር የቆጠርኩበት ነው።