የመመረቂያ ጥናት ወይስ የፈጠራ ሥራ?

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍና ፎክሎር ተማሪ ለመመረቂያው ቃል ግጥም (በቃል የሚተላለፍ የሕዝብ ግጥም) ሰብስቦ መተንተን ወይም የራሱን አጫጭር ልቦለዶች መጻፍ ቢፈቀድለት፣ ሁለቱም ብርቱ ትጋት ይጠይቁታል። ጥናቱን የመረጠ ተማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 በተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት የቀደሙ ሥራዎችን ከመረመረ በኋላ፣ ወደ መስክ ወርዶ ሙሾውን ወይም የሠርግ ግጥሙን ከነክዋኔው (በቦታው ከሚቀርብበት ሁኔታ ጋር) ይቀርጻል፤ ማን፣ መቼና ለማን እንዳለው ካልመዘገበ ግን (ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም ይኸው ነው) ግጥሙ ከሕይወቱ ተነጥሎ ባዶ ስንኝ ይሆናል። የፈጠራ ሥራው መስክ መውረድን አያስገድድም፤ ደጋግሞ መከለስንና የአማካሪን ጥብቅ ንባብ ግን ይሻል፣ ለመመዘንም ያስቸግራል። እኔ ጥናቱን አስቀድማለሁ፤ ልቦለዱ ከምረቃ በኋላም ሊጻፍ ሲችል፣ ያልተቀረጸ ሙሾ ግን አረጋውያን አልቃሾች ሲያልፉ አብሮ ይጠፋልና።