ጣታችሁ አልታዘዝ ላላችሁ የጊታር ተማሪዎች አንድ አስተማሪ ልጠቁማችሁ

ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) መያዝ ችላችሁ ጣታችሁ ግን አልታዘዝ ካላችሁ ይህ ጽሁፍ ለእናንተ ነው። እግረ መንገዴን አስተማሪዬን በአደባባይ ላመስግናቸው።

የእኔ ችግር ትንሿ ጣቴ ነበረች። የቀለበት ጣቴ ክር በነካ ቁጥር እሷ ተነስታ ትርቃለች። ቀድሞ ያስተማረኝ ሰው "ልምምድ አብዛ" ብሎ አለፈኝ። እሳቸው ግን ጊታሩን አስቀምጥ አሉኝ። መዳፌን ጠረጴዛ ላይ አሳረፉ፣ የመሀል ጣቴን ወደ ውስጥ አሳጠፉና "የቀለበት ጣትህን አንሳ" አሉ። ንቅንቅ አልል አለ። "የብዙ ሰው አይነሳም። ጣት የሚያነሱት ጅማቶች እጅ ጀርባ ላይ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው። ስንፍና አይደለም፣ አፈጣጠር ነው" አሉኝ። ያኔ ቀለል አለኝ።

ልምምዱ እንዲህ ነው። አራቱን ጣቶች አንድ ክር ላይ፣ ከ5ኛው እስከ 8ኛው ፍሬት (የጊታሩን አንገት ብረቶቹ የከፈሏቸው ቦታዎች) ትደረድራላችሁ። እዚያ ፍሬቶቹ ጠበብ ስለሚሉ እጅ አይወጠርም። ከዚያ ሦስቱ ሳይነሱ አንዱ ብቻ ወደ ጎረቤት ክር ሄዶ ይመለሳል። ሜትሮኖሙ (ምት የሚጠብቀው መሣሪያ) በደቂቃ 60 ምት፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች። አራት ጣት በ24 ዓይነት ቅደም ተከተል ይደረደራል። እሳቸው የሚያዘወትሩት የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት የሚከታተሉባቸውን ነው።

ለእኔ ከሁሉ የበለጠችው ትምህርት ግን የአጫጫን ነገር ናት። ጣታችሁን ክሩ ላይ ዳሰስ አድርጋችሁ አሳርፉና እየመታችሁ ቀስ በቀስ ጫኑት። መጀመሪያ ድፍን ያለ ድምፅ ይወጣል፣ ቀጥሎ ይንጫረራል፣ ከዚያ ይጠራል። ልክ ሲጠራ እዚያው ቁሙ። ከዚያ በላይ ያለው ጉልበት በሙሉ ትርፍ ነው፣ ሌሎቹን ጣቶችም ያደርቃቸዋል። ጣታችሁ የፍሬቱ ብረት ጥግ ካረፈ ደግሞ የሚያስፈልገው ጉልበት በጣም ትንሽ ነው። ይህ ከገባኝ በኋላ ትንሿ ጣቴ ክሩ አጠገብ ሆና ተራዋን መጠበቅ ጀመረች።

ጣቴ አጭር ነው ብዬ ሳማርር የታዋቂውን የጃዝ ጊታር ተጫዋች የጃንጎ ራይንሃርትን ታሪክ ነገሩኝ። እ.ኤ.አ. በ1928 በደረሰበት የእሳት አደጋ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ተጎድተው፣ ሶሎዎቹን (ጊታሩ ጎልቶ ለብቻው የሚወጣባቸውን ዜማዎች) በአብዛኛው በቀሪዎቹ ሁለት ጣቶች ነበር የሚጫወተው። ከዚያ ወዲህ አላማረርኩም።

ቶሎ ቶሎ ዘፈን መያዝ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ላይ ሊሰለቸው ይችላል። እጅ ካመመም ልምምድ ወዲያው ይቆማል፣ በዚህ ድርድር አያውቁም። እኔ ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያለው አስተማሪ አላየሁም። እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ!

የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ የግራ እጃችሁን ጥፍር ቆርጣችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።