ቅቤው የጠፋበት ቁምሳ

ቁምሳ የሚለውን ቃል በደንብ የተዋወቅኩት ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። ደመወዝ ሊወጣ አሥር ቀን ሲቀረው ቁርስ ይዘለላል፣ ምሳ ትንሽ ቀደም ይላል፣ ሁለቱም በአንድ ሳህን ይታለፋሉ። ሰው ፊት የሚወራም ነገር አልነበረም። አሁን ያው ቁምሳ ብረንች ተብሎ ቦሌ ላይ ከነሰርቪስ ቻርጁ ይሸጣል። እሁድ ዕለት አራት ሆነን ሄደን 3,668 ብር ከ50 ሳንቲም ከፈልን፣ እናቴን ግን ከነረሃቧ ይዣት ተመለስኩ።

የቤቱን ስም አልጽፍም። ስም አንስቶ መካሰስ ውስጥ መግባት አልፈልግም፣ ደግሞም የማወራው ነገር እዚያ ቤት ብቻ ያለ አይመስለኝም። ቦሌ ውስጥ ካሉት አዳዲስ ሕንፃዎች በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳ አለው፣ አበባ አለው፣ ፎቶ የሚነሱበት ግድግዳ አለው። ይበቃል።

መጀመሪያ ግን ለምን እንደሄድን ልናገር። በዓለ ሃምሳ ውስጥ ነበርን። እማዬ ሁዳዴን 55ቱንም ቀን ጾማ፣ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለውን ጊዜ ደግሞ ረቡዕና አርብም ስለማይጾም በቅቤ ነው የምታከብረው። የዚያን ቀን ቅዳሴ አስቀድሳ፣ አፏ ላይ ውሃ እንኳን ሳታደርግ፣ ነጠላዋን እንደለበሰች ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተቀበልናት። እኔ፣ እህቴና የሰባት ዓመት ልጇ። «ዛሬ አንቺ አታበስይም፣ እኛ ነን የምንጋብዝሽ» አልናት። ሐሳቡ የእኔ ነበር፣ ስለዚህ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ሊፍቱ አይሠራም። ወረቀት ተለጥፎበታል፣ ወረቀቱም አርጅቷል። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፣ በየፎቁ ቆም እያለች፣ ግድግዳውን እየተደገፈች ወጣች። ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ ደግሞ በሩ ላይ የቆመው ልጅ ሪዘርቬሽን አላችሁ ወይ አለን። የለንም። ውስጡ ግማሹ ባዶ ነው። ቢሆንም ታብሌቱን ትንሽ ነካካና፣ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ከኩሽናው በር አጠገብ አስቀመጠን።

ሜኑ ስንጠይቅ ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈችውን ኪውአር ኮድ አሳዩን። ስልኬን አውጥቼ ብሞክር ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል፣ የዋይፋይ ፓስዎርድ ጠየቅን፣ ፓስዎርዱን የሚያውቀው ልጅ እስኪመጣ ጠበቅን። እማዬ «ምግብ ለማዘዝም ስልክ ያስፈልጋል እንዴ?» አለች። ምን ብዬ እመልሳለሁ? ሜኑው ሲከፈት ግን ፎቶው ያምራል። በተለይ ጨጨብሳው። ላዩ ላይ የቅቤ ጠብታ ያበራል፣ ጎኑ ላይ ማር በትንሽ ጣባ ተቀምጧል። ስልኩን ለእማዬ ሳሳያት ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችና «ይህንን» አለች፣ ሌላ ሳታይ።

አስተናጋጇ ጥሩ ልጅ ናት፣ ይህንን አስቀድሜ ልበል። «የፍስክ ነው የጾም የሚፈልጉት እናቴ?» ብላ በአክብሮት ጠየቀቻት። እማዬም ሳቀች፣ «በሃምሳ ምን ጾም አለ ልጄ፣ የፍስክ ነው፣ ቅቤውን ጠበቅ አርገሽ» አለቻት። ልጅቷ ጻፈች። ስትጽፍ አይቻለሁ። ለእኔ ስፔሻል ፉል፣ ለእህቴ አቮካዶ ቶስት በእንቁላል፣ ለልጅቷ ፓንኬክ አዘዝን። እማዬ ጀበና ቡናም ፈልጋ ነበር፣ ጀበና ከሰዓት ነው ተባለ። እሁድ ጠዋት ጀበና የሌለው አበሻ ምግብ ቤት! በቡና ፋንታ ስፕሪስ አዘዝንላት።

አራት ተኩል ላይ ነው ያዘዝነው። ስፕሪሱ ከሃያ ደቂቃ በኋላ መጣ፣ ግን ስፕሪስ አልነበረም። ስፕሪስ ማለት አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው መሃል፣ ፓፓያው ከላይ ሆኖ መስመሩ በብርጭቆው ውስጥ የሚታይ ነው። ይሄ ሁሉም አንድ ላይ ተደባልቆ የቡኒና የአረንጓዴ መሃል የሆነ ነገር ነው። ጣዕሙ ክፉ አይደለም። ልጅቷ ግን አየችውና «ይሄ ምንድን ነው?» አለች፣ ልጅ አይደብቅም። ፓንኬኩ አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ መጣላት። እሷ በልታ፣ ቸኮሌቱን በጣቷ ጠርጋ፣ ወንበር ሥር ገብታ መጫወት ስትጀምር የእኔ ፉል ደረሰ፣ ከዚያ የእህቴ ቶስት። የእማዬ ጨጨብሳ አልመጣም። አምስት ሰዓት ከሃያ፣ አምስት ተኩል። «ሼፉ ትኩስ እየሠራላቸው ነው» ተባልን። እማዬ ብሉ ብሉ ትለናለች፣ እኛ እሷን ትተን እንዴት እንብላ፣ ምግቡ እየቀዘቀዘ ሁላችንም ሳህን ሳህኑን እናያለን። አንድ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ምግብ አብሮ ይወጣል። ይሄ የትም ጉልት ያለች እናት የምታውቀው ነገር ነው።

ስለ ፉሉ አንድ ሁለት ነገር ብቻ። ባቄላው ከነቅርፊቱ ይንከባለላል፣ የጠርሙስ ቂጥ አልነካውም። ፉል በደንብ ካልተፈጨ፣ ቃሪያውና ሽንኩርቱ ከላይ ቢነሰነስ፣ እርጎው ቢጨመር፣ እንቁላሉ ቢቀመጥ ዋጋ የለውም። ፒያሳ ከመፍረሱ በፊት የምበላበት ቤት ነበር፣ ሰውዬው ትዕዛዝ እየተቀበለ አንድ እጁ መፍጨቱን አያቆምም ነበር። ዳቦው ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። 420 ብር ከፍዬ ዳቦ ይሙቅልኝ ብዬ መለመን አማረረኝና ተውኩት።

አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ ጨጨብሳው መጣ።

ሳህኑ ገና ጠረጴዛው ላይ ሳያርፍ አንድ ነገር ጎደለብኝ። ሽታ የለውም። ንጥር ቅቤ ከኩሽና ሲወጣ ኮሰረቱና ኮረሪማው ከሳህኑ ቀድሞ ይደርሳል፣ እኛ ደግሞ ኩሽናው በር ላይ ነው የተቀመጥነው። ምንም። ቂጣው በእጅ የተቆራረሰ ሳይሆን በቢላ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ተደርጎ የተከተፈ ነው። ቂጣ ትኩሱን በእጅ ሲቆራረስ ዳሩ ይሸካከራል፣ ቅቤውን የሚጠጣውም እሱ ነው። የተከተፈው ግን ቅባቱን እምቢ ይላል። አንዱን አንስቼ ቀመስኩ፤ ዳሩ እንደ ብስኩት ደርቋል፣ መሃሉ ቀዝቃዛ ነው። ማይክሮዌቭ መሆኑን ለማወቅ ሼፍ መሆን አያስፈልግም።

እማዬ ሁለቴ ጎረሰች። ከዚያ ማንኪያውን አስቀመጠችና ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል እኔ እፈራለሁ። ሳህኑን ትንሽ ወደ ራሷ ዘንበል አደረገችው። ከቂጣው ሥር ቀይ ዘይት ወጥቶ ወደ ዳሩ ፈሰሰ፣ ስትመልሰው ተመልሶ ሄደ። «አየሽው?» አለችኝ። «ቅቤ ቢሆን ይሄኔ ይረጋ ነበር።» ከበረንዳው ነፋስ ይገባል፣ ምግቡም የተነገረለትን ያህል ትኩስ አልነበረም፤ ቅቤ ቢሆን በእርግጥም ሳህኑ ላይ ነጣ ነጣ እያለ ይያያዝ ነበር። ይሄ እንደ ውሃ ይመላለሳል።

አስተናጋጇን ጠራናት። ሄዳ ጠይቃ ተመለሰች፣ ፊቷ ተለውጧል፣ «በቅቤ ነው የተሠራው አሉኝ» አለች። አሉኝ የምትለዋን ቃል ጠበቅ አድርጋ ነው። ከዚያ ማናጀሩ መጣ። ሱፍ ለብሷል፣ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ሰክቷል። «ማዘር፣ እኛ ጋ ጨጨብሳ ሁሌም በቅቤ ነው የሚሠራው፣ ለጤና ብለን ቅቤውን ቀለል እናደርገዋለን» አለ። እማዬ አልተቆጣችም። «ና ልጄ፣ ቅመሰው» ብላ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። አልቀመሰም። ሥራ ላይ ነኝ ምናምን አለ። ከፈለጋችሁ በሌላ እንቀይርላችሁ አለ። ሌላ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ልንጠብቅ ነው? አንፈልግም አልን። እሱም አመስግኖ ሄደ፣ ምን እንዳመሰገነ አላውቅም።

እዚህ ላይ እኔ ነገሩን በገንዘብ ነበር የማስበው። እማዬ ግን የተናደደችው በሌላ ነው፣ ደረጃውን ስንወርድ ነው የነገረችኝ። «ብሩ አይደለም። ዛሬ ዘይቱን ቅቤ ነው ያለኝ ሰው፣ ነሐሴ ላይ ቅቤውን ዘይት ነው ብሎ አያበላኝም ወይ?»

እውነቷን ነው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭንቅላቴ ውስጥ የሚመላለሰውም ይሄ ነው። እኛ አገር ረቡዕና አርብ፣ ሁዳዴ፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት እያልን የዓመቱን ብዙ ቀን ውጭ ስንበላ «የጾም ነው?» ብለን እንጠይቃለን፣ አስተናጋጁ «አዎ» ይላል፣ እንበላለን። አንድ ቃል ነው ያለን። ማንም ኩሽና ገብቶ መጥበሻውን አያይም። የጾምና የፍስክ ጨጨብሳ ከአንድ ድስት የሚጨለፍበት ቤት፣ ያ «አዎ» ምኑ ነው? ቅቤ ተወዷል፣ ይገባኛል። በዘይት ይሥሩት፣ በዘይት ነው ብለው ይጻፉት፣ ዋጋውን ያውርዱት፣ እኔ ራሴ እበላዋለሁ፣ የጾም ጨጨብሳ በደንብ ሲሠራ ይጣፍጣል። ፎቶው ላይ ቅቤ አንጠባጥቦ ሳህኑ ላይ ዘይት ማምጣት ግን ሌላ ነገር ነው።

ወደ ሂሳቡ ልምጣ። ሜኑው ላይ ያለውን ስደምር 2,900 ብር ነበር። ጨጨብሳ 480፣ ፉል 420፣ አቮካዶ ቶስት 650፣ ፓንኬክ 560፣ ሁለት ስፕሪስ 440፣ ሁለት ማኪያቶ 220፣ ውሃ 130። ሰርቪስ ቻርጅ 10 በመቶ ተጨመረ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ቫት 15 በመቶ። ቫቱ የሚሰላው ሰርቪሱ ከተደመረ በኋላ ስለሆነ በጠቅላላው 26.5 በመቶ ነው የሚጨምረው። 480 ያለኝ ጨጨብሳ 607 ብር ከ20 ሆነ ማለት ነው፣ ሁለት ጉርሻ። ዋጋው ቫትና ሰርቪስ እንደማይጨምር የሚናገረው ጽሑፍ ሜኑው መጨረሻ ላይ አለ፣ ከጣፋጮቹ በታች፣ ስልኩን ሁለቴ ካላጎላችሁት የማይታይ። ቫት ለመንግሥት ነው፣ በዚያ ላይ ክርክር የለኝም። ሰርቪሱን ግን አስተናጋጇን «ለእናንተ ይደርሳችኋል?» ብዬ ጠየቅኳት። ፈገግ አለችና ሳህን ማንሳት ጀመረች። መቶ ብር በእጇ ሰጠኋት።

ጨጨብሳውስ ለምን ሂሳቡ ውስጥ ገባ? ጠየቅን። ደረሰኙ ታትሟል፣ ከማሽኑ ከወጣ በኋላ መሰረዝ ከባድ ነው ተባለ። ቅሬታችንን ከሰሙ በኋላ ነው ያተሙት። እህቴ ልትጨቃጨቅ ነበር፣ እማዬ በዓይኗ ከለከለቻት። በቴሌብር ከፍለን ወጣን።

ለፍትሕ ያህል፣ ጥሩ የነበረውንም ልናገር። የእህቴ አቮካዶ ቶስት እውነተኛ ቶስት ነው፤ ዳቦው ወፍራምና ትኩስ፣ እንቁላሉ አስኳሉ ሲወጋ የሚፈስ፣ ሎሚና ሚጥሚጣ በልኩ። ከቀዘቀዘ በኋላም አልቀረም። ማኪያቶው ደግሞ በጣም ጥሩ ነው፣ ወተቱ ያልተቃጠለ፣ ቡናው የሚሰማ፤ ማሽኑ ላይ የቆመው ልጅ ሥራውን ያውቃል። መታጠቢያ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ሳሙናም ውሃም አለ። ስለዚህ ኩሽናው መሥራት ያቅተዋል አልልም። የፈረንጁን ምግብ ሲሠሩ የሚጠነቀቁትን፣ የእናቶቻችንን ምግብ ላይ ማንም አይነቃም ብለው ነው መሰለኝ የተዉት። ሌላው ቢያልፍም ይህኛው ነው ያናደደኝ። ጨጨብሳን በቅቤ ስትበላ ያደገች የ68 ዓመት ሴት አትነቃም ብሎ ማሰብ!

ቤት ስንደርስ ሰባት ሰዓት አልፏል። እማዬ ነጠላዋን ሳታወልቅ ምጣድ ጣደች።

መሄዳችሁ ካልቀረ ከአራት ሰዓት በፊት ድረሱ፣ በረንዳው ዳር ያለውን ጠረጴዛ ጠይቁ፣ ቶስቱንና ማኪያቶውን እዘዙ፣ ሜኑው ላይ ባለው ዋጋ ላይ ሩቡን ጨምራችሁ ያዙ። የአበሻ ቁርስ ካማራችሁ ሰፈራችሁ ያለችው ትንሽ ቤት ትሻላለች። ከአምስት ሁለት ሰጥቻቸዋለሁ፣ አንዱ ለማኪያቶው፣ አንዱ ለአስተናጋጇ። እኔ ምናልባት ለማኪያቶው እመለስ ይሆናል። እማዬን ግን ሊፍቱ ቢሠራም አላስወጣትም።